እናትሽ ጉንጬ ላይ ያስቀመጠችው

ሐሙስ፣ ግንቦት 7 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት
ከፖስታ ቤቱ ደረጃ ሥር ካለችው የጸሐፊው ክፍል

ለልጄ፣

«ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ብዬ አልጀምርም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ መጀመሪያ በስልክ የተላላክነው እሱኑ ነው። አንቺ «ደህና ነህ?» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ታነብልኛለች፣ እኔ «ደህና ነኝ በያት» እላታለሁ፣ እሷም ትጽፍልሻለች። ፈረቃ እንደሚለዋወጡ ዘበኞች ሆነን ቀረን። ዛሬ የምነግርሽ ስላለኝ ረዘም ያለ ነገር አስጽፋለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቢው። መሀል ላይ ብትናደጂ አስቀምጪው፣ ውሃ ጠጪና ተመልሰሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የሚጽፍልኝን ሰው ልንገርሽ፤ በመሀላችን ማን እንዳለ ማወቅ አለብሽ። ፖስታ ቤቱ ካለበት ፎቅ ደረጃ ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ማመልከቻና ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ተቀምጧል። ዓይነ ስውር ነው። አዎ፣ ዓይነ ስውር ጸሐፊ። እኔም ሲነግሩኝ የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። አሥር ጣቶቹን ኮምፒዩተሩ ላይ ይዘረጋል፣ እኔ ስናገር እሱ ይመታል፣ ከዚያ ኮምፒዩተሩ የተጻፈውን በሰው ድምፅ መልሶ ያነብለታል። የሕንፃው መግቢያ ላይ ለዊልቸር ተብሎ የተሠራ ደረጃ የሌለው መውጫ አለ፤ ያማረ ነው፣ ቀለም ተቀብቷል። አናቱ ላይ ያለው በር ግን ተቆልፏል። ቁልፉ የት ነው ብዬ ብጠይቅ ሦስተኛ ፎቅ ነው አሉኝ።

ልብስ ሰፊዋ እያለች ለምን እዚህ ድረስ ሄድክ ትዪኝ ይሆናል። ልብስ ሰፊዋ ስትጽፍ ቀና እያለች ፊቴን ታየዋለች። እሱ አያይም። ሰው ፊቴን እያየ የማልናገረው ነገር ስላለኝ ነው የመረጥኩት። ይህንኑ ብነግረው ጆሮዬ ድረስ ተጠግቶ «እኔ ደግሞ በእጅ ጽሑፌ የመረጡኝ መስሎኝ ነበር፣ አባባ» አለኝ። ቀልደኛ ነው። ጻፈው ብዬዋለሁ፣ ጽፎታል።

ጆሮዬ ድረስ ተጠግቶ ያልኩሽ በምክንያት ነው። ገና አልነገርኩሽም፤ ጆሮዬ ሄዷል። ግራው ጨርሶ፣ ቀኙም ሰው ተጠግቶ ካልጮኸበት አይሰማም። ዛሬ የመጣ አይደለም። በሁለት መቶ የሽመና መኪና መሀል ሠላሳ አንድ ዓመት የቆመ ጆሮ ምን ሊሆን ኖሯል? እናትሽ በሕይወት እያለች አላወቅኩትም ነበር። ለካ እሷ ናት ድምፅዋን ከፍ ታደርግልኝ የነበረችው። እኔ ደግሞ ሴትዮዋ ስታረጅ ጠባይዋ ከፋ እል ነበር።

ባለፈው ዓመት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ አወጣሁና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ሰው የሚጠራው በመስኮት ነው። አንዲት ሴት ብቅ ትልና ስም ትጠራለች፣ የተጠራው ተነስቶ ይገባል። እኔ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ከኋላዬ የመጡት ሁሉ ገብተው ወጡ። በማግስቱም እንዲሁ። የጆሮ በሽተኛን በድምፅ የሚጠራ ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ? ታውቂያለሽ እንጂ፤ ማንን ነው የምጠይቀው።

ተነስቼ «አልሰማም» ብል ባለቀ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ አጠገቤ ስትደርስ ምን ሆነህ ነው የተቀመጥከው ማለቷ እንደሆነ ገባኝና «ሰው እየጠበቅኩ ነው» አልኳት። እግሬን አንስቼላት ሥሩን ወልውላ አለፈች።

በሦስተኛው ቀን ዓይኔን ከመስኮቱ ሳልነቅል ዋልኩ። ሴትዮዋ ብቅ አለች፣ ጠራች፣ ደግማ ጠራች፣ የሚነሳ ጠፋ። ከዚያ ወደ እኔ እያየች ለጓደኛዋ አንዲት ቃል ጣል አደረገች። ድምፁን አልሰማሁም። ቃሉን ግን አፏ ላይ አየሁት። «ደንቆሮ» ነው ያለችው። ከንፈር ማንበብ ማንም አላስተማረኝም፤ ያቺን ቃል ግን በቅርጿ ለየኋት። ስንት ጊዜ ብያት የለ።

ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩና ራሴ አልኳት። አንቺ ከታች አንጋጠሽ እንደምታዪኝ አድርጌ፣ ያኔ በተናደድኩ ቁጥር እንደምለው አድርጌ አልኳት። አንድ ነገር ብቻ ተስፋ አደረግኩ። ያን ጊዜ ሪዜ ወፍራም ነበር። «የአባዬ ሪዝ አፉን ይደብቅብኛል፣ ይቁረጠው» ብለሽ በእናትሽ በኩል ስትለምኚኝ፣ ወንድ ልጅ ለሕፃን ብሎ ሪዙን አይቆርጥም ብዬ ነበር። ምናልባት ሸፍኖልኝ ይሆናል። ካልሸፈነልኝ አንቺ ታውቂዋለሽ።

በአራተኛው ቀን ካርዴን በእጄ ከፍ አድርጌ እንደ ተማሪ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ያን ጊዜ ገባሁ። ጆሮ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ሰጡኝ። ሲከቱልኝ ፋብሪካው ጭንቅላቴ ውስጥ ተመልሶ የተከፈተ መሰለኝ። የሰው ድምፅ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የወንበርና የማንኪያ ጩኸት መጣ። ኪሴ ውስጥ ነው የሚውለው። ሲስተሯ ግን ደግ ሰው ነበረች። አጠቃቀሙን ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ፤ ማንበብ አልችልም አልኳት። ተያይተን ሳቅን። ልጄም እንደማትሰማ ስነግራት ጆሮዬ ላይ ተደፍታ፣ ያን አንቺ የተማርሽበት ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ለቤተሰብ የእጅ ቋንቋ ያስተምራልና ሂድ ብላ ጮኸችልኝ። መሣሪያውን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አስገብቻለሁ። እዚያ አንቺ በተቀጠርሽበት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ በምትሠሩበት ቤት በደወል ፋንታ መብራት ብልጭ ይላል ብላ እናትሽ ስትነግረኝ፣ «ጥርስ የሚሠራበት ነው የሚጨፈርበት?» ብዬ ስቄ ነበር። አሁን እኔም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ አሠራሁ። ደጅ ላይ የደወል መጫኛ፣ ሳሎን ውስጥ ቀይ አምፖል። ሰው ሲጫነው አምፖሉ ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ወንበሬን ወደ አምፖሉ አዙሬ እቀመጣለሁ። አራት ወር ሆነው። ልብስ ሰፊዋ እንደሆነች አትጫንም፣ በጓሮ በኩል ዘው ነው የምትለው። የቆጣሪ አንባቢው አንድ ጊዜ ተጭኖታል። ከእሱ ሌላ የተጫንኩት እኔው ነኝ። ተበላሽቶ እንዳይሆን ብዬ ወጣሁ፣ ተጫንኩት፣ ሮጥ ብዬ ገባሁ። ስደርስ ጠፍቷል። እንደገና ወጣሁ። በሦስተኛው ልብስ ሰፊዋ በመስኮቷ እያየችኝ መሆኗን ሳይ፣ አቧራ የማራግፍ መስዬ መጫኛውን በእጅጌዬ ወለወልኩት።

ይህን ሁሉ የማወራው ዋናውን ላለመናገር እንደሆነ ጸሐፊውም ገብቶታል መሰለኝ፣ ጣቶቹን አንስቶ ይጠብቀኛል። እሺ።

ፋብሪካ ውስጥ ማንም በአፉ አያወራም ነበር። ብታወሪስ ማን ይሰማሻል? በእጅ ነበር። ድር ተበጠሰ ለማለት ሁለት ጣት ገጥመሽ ታለያያለሽ። ማግ አለቀ ለማለት መዳፍሽን ትገለብጫለሽ። አለቃው እየመጣ ከሆነ ትከሻሽን መታ መታ። «ና» ለማለት ክንድሽን ዘርግተሽ እጅሽን ወደ ደረትሽ መሳብ ነው። ከሥራ ሌላም እናወራ ነበር፤ የማን ሚስት ወለደች፣ የማን ጫማ አፉን ከፈተ፣ የአለቃው ቦርጭ ስንተኛ ወሩን ያዘ። ከዚያኛው ጥግ የተወረወረ ቀልድ እዚህኛው ጥግ ሰው ያስቅ ነበር። ከእኔ የፈጠነ እጅ አልነበረም። ጉራ ነው ብለሽ አትለፊው፣ እውነት ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው በስምንት ሰዓት ከፈረቃ ወጥቶ ቤቱ ይገባል። አንዲት ልጁ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ልታወራው እጇን ታነሳለች። እሱ እጇን ይይዝባታል።

ያደረግኩት ይኸው ነው። በአፏ እንድትናገር አስገድዷት ያለን መምህር ነበር፤ እሱን ግን ሰበብ አላደርገውም። ያፈርኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት ያያል ብዬ ነው። በእጅ ማውራት ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ነበር፣ ቤቴ ውስጥ ግን ጉድለት መሰለኝ። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። አውቶቡስ ውስጥ ሁለቱንም እጅሽን በአንድ እጄ ጨምቄ ጉልበትሽ ላይ ይዤ የሄድኩበት ቀን ነበር። ስድስት ዓመትሽ ነው። በመስኮቱ ያየሽውን አንድ ነገር ልትነግሪኝ ትፍጨረጨሪ ነበር። ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አንቺና እናትሽ ማድ ቤት ገብታችሁ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ነበር የምታወሩት። እኔ ብቅ ስል እጃችሁ ይወርዳል። በገዛ ቤቴ ሰው ዝም የሚልብኝ አለቃ ሆኜ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ትከሻ መታ መታ የሚደረግልኝ።

ስታድጊም ፋብሪካችን ልቀጠር ስትዪ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። አለቃው ይሁን ብሎ ነበር። ይህን አታውቂም። ሰው ይስቅብሻል ብዬ እኔ ነኝ ያስቀረሁት። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ሁሉም ሰው ደንቆሮ ነበር፣ ሁሉም በእጁ ነበር የሚያወራው። ከዓለም ሁሉ አንቺ ምንም የማይጎድልብሽ አንድ ሥራ ቦታ ያ ነበር። አንድ ሌሊትና አንድ ቀን በአውቶቡስ ርቀሽ የሄድሽው በእኔ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤትሽ መሄድ ጀመርኩ። ላንቺ ብዬ አይደለም፤ እኔው ራሴ ስለማልሰማ ነው። የሕፃናት ወንበር ላይ አስቀመጡን፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ስድስት እናቶችና አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ለልጅ ልጅህ ነው ወይ አሉኝ። «ለራሴ ነው፣ ደንቆሮ ነኝ» አልኳቸው። ሹፌሩ ጆሮዬ ላይ ተደፍቶ እሱን ቃል እዚህ አንልም አለኝ። ለሌላ ሰው አልለውም አልኩት። ለራሴ ግን እላለሁ፣ የሠራሁበት ነው።

መምህሯ ራሷ አትሰማም። አፍ ዘግቶ በእጅ ብቻ ነው ትምህርቱ። መጀመሪያ ያስተማረችን «ና»ን ነው። ክንዷን ዘርግታ እጇን ወደ ደረቷ ሳበች። ሳቄ አመለጠኝ። የፋብሪካው «ና» ነው፣ ቅንጣት አይለይም። ከክፍሉ ጎበዝ እኔ ነኝ። ሹፌሩ እጁ መሪ መያዝ ብቻ ስለለመደ፣ «ውሃ» ሲል ጠባብ መንገድ ላይ መኪና የሚያዞር ነው የሚመስለው። ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ግን እኔ እቀራለሁ። ያን ጊዜ ሹፌሩ በተራው ያየኛል፣ እኔ በመስኮት አያለሁ።

አንድ ቅዳሜ ቲያትር ቤት ወሰደችን። መድረኩ ጥግ ላይ ለብቻው መብራት የበራለት ሰው ቆሞ ተዋንያኑ የሚሉትን ሁሉ በእጁ ያወራዋል። ከመድረኩ ይልቅ እሱን ሳይ አመሸሁ። ግማሹን ያዝኩ። አንድ ቦታ ላይ ሰው ሁሉ ከመሳቁ በፊት እኔ ሳቅኩ፤ እጁ ከተዋናዩ አፍ ቀድሞ ነበር። ዞር ስል አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። እናትሽን ቲያትር ቤት ወስጃት አላውቅም። አንቺንማ ተይው።

በአምስተኛው ቅዳሜ የምትማሩለትን ሰው ፎቶ ይዛችሁ ኑ ተባልን። እኔ ለራሴ ነው ስላልኩ የራሴን መያዝ ነበረብኝ። ያንቺን ይዤ ሄድኩ፤ ያን የትምህርት ቤቱን፣ እየሳቅሽ የተነሳሽውን።

መምህሯ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያየች ለልጆቹ የእጅ ስም ታወጣ ነበር። ለካ የማይሰሙ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት የየራሳቸው ምልክት አላቸው። እኔ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። የሹፌሩ ልጅ ቅንድቡ ወፍራም ነው፣ ቅንድብ ነክታ ስሙ ይሄ ነው አለች። እኔ ጋ ደርሳ ፎቶሽን ስታይ ፊቷ በራ። ታውቅሻለች። ካንቺ ሁለት ክፍል ዝቅ ብላ ትማር ነበር። ለዚች ስም አላወጣም፣ አላት አለችን በእጇ። ከዚያ ጠቋሚ ጣቷን ጉንጯ ላይ አስቀመጠች፣ ያንቺ ስርጉድ ያለችበት ቦታ ላይ፣ ብሎን እንደሚያጠብቅ ሰው ቀስ ብላ አዞረቻት።

እዚያች የሕፃን ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ሹፌሩ ግን ውሃ አመጣልኝ።

ስሙን ያወጣችልሽ እናትሽ መሆኗን መምህሯ በኋላ ነገረችኝ። ሃያ አምስት ዓመት ስትጠሪበት እኔ አባትሽ ስምሽን አላውቀውም ነበር።

አሁን ሆስፒታሉን እነግርሻለሁ። ውሃ የምትጠጪ ከሆነ እዚህ ጋ ጠጪ።

እናትሽ አምስት ቀን ነው የተኛችው። አፏና አፍንጫዋ ላይ የአየር ጭንብል አድርገውላት ስለነበር መናገር አትችልም። በመጀመሪያው ቀን እጆቿን ማንሳት ጀመረች። ጭንብሉን ልትነቅለው ነው ብለው እጇን ያዝልን አሉኝ። ያዝኩ። እጅ መያዝ እኔ አውቅበታለሁ።

በሁለተኛው ቀን ለቀቅ ሳደርጋት ጣቷን ጉንጯ ላይ አስቀምጣ አዞረች። የጭንብሉ ላስቲክ ያሳከካት መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩላት። ደግማ አዞረች፣ ደግሜ ጠረግኩላት። ከዚያ ክንዷን ዘርግታ እጇን ወደ ደረቷ ሳበች። ደረቷን አመማት ብዬ ሐኪም ጠራሁ። መርፌ ወጓት፣ ተኛች። ሠላሳ አንድ ዓመት «ና» ያልኩበት እጅ ነው፣ ልጄ። ከፋብሪካው ጥግ እስከ ጥግ የማውቀውን እጅ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሳላውቀው ቀረሁ። አልጋ ላይ የተኛች ሚስቴ በእጇ ታወራኛለች ብዬ ስላልጠበቅኩ ነው። አስለምጃት ስለማላውቅ ነው።

ትጠራሽ ነበር። እኔ ደግሞ መልእክት አላስላክኩብሽም። ትድናለች፣ ልጅቷን ከሥራዋ ላይ አላስደነግጣትም አልኩ። ልብስ ሰፊዋ በአምስተኛው ቀን ከእኔ ተደብቃ ነው የጻፈችልሽ። አንቺ የደረስሽው በቀብሩ ማግስት ነው። በሁለተኛው ቀን ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ በሕይወት ትደርሺባት ነበር። አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሄጄ የመነሻና የመድረሻውን ሰዓት ጠይቄ አጣርቻለሁ። ትደርሺ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በጣም ደከመች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር። እጇን ከእጄ ውስጥ ቀስ አድርጋ አወጣችና የእኔን ጉንጭ ነካች። ጣቷን አስቀምጣ ቀስ ብላ አዞረቻት። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። በአርባ ዓመት ኑሯችን ጉንጬን ነክታው አታውቅም፤ እኔም የምነካ ሰው አልነበርኩም። ተሰናበተችኝ አልኩ። ወደደችኝ አልኩ።

ከቀብሩ በኋላ «እናቴ ምንም አላለችም?» ብለሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስትሰጪኝ፣ ልብስ ሰፊዋ አነበበችልኝ፣ እኔም ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። ምንም። ሦስት ቀን ተቀምጠሽ ሄድሽ። መዋሸቴ አልመሰለኝም ነበር። ያለችው አንድ ነገር የእኔ ነው፣ ለማንም አላካፍልም ብዬ ነው። ሁለት ዓመት በእሱ ኖሬአለሁ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ያቺን ቦታ ቀስ ብዬ ነበር የማልፋት።

የእኔ አልነበረም። ያንቺ ስም ነው። በራሷ ጉንጭ ብትለው ብትለው አልገባኝ ሲል፣ ይገባው እንደሆነ ብላ እኔው ላይ ጻፈችው። ማንበብ የማይችል ሰው ላይ።

የሰው ነገር ይዤ መቆየት አልወድም። ይኸው።

እዚህ ጋ ጸሐፊው መምታቱን አቁሞ «አባባ፣ ይቅርታ የሚለውን ቃል ልጨምርበት?» አለኝ። እኔ አልኩህ እንዴ አልኩት። ይቅርታ በእጅ እንዴት እንደሚባል ተምሬአለሁ፤ በሌላ ሰው እጅ አላስብለውም።

ስለዚህ ስሚኝ። ማለቴ፣ እዪኝ። ሐሙስ ግንቦት 21 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እዚህችው ክፍል እቀመጣለሁ። ጸሐፊው መልክ የሚያሳይ ስልክ አለው። ቁጥሩን በፖስታው ጀርባ ላይ ይጽፍልሻል። ትናንት ተለማምደናል፤ እሱ ስለማያይ፣ እኔም የት እንደሚነካ ስለማላውቅ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጣሪያውን ስናስቀርጽ ቆየን። አሁን ለምደነዋል። የሚደውለው እሱ ነው፣ የስልኩ መብራት መምጣቱን የማየው እኔ ነኝ። ሪዜንም ተቆርጬዋለሁ። ለሙቀቱ ነው።

የእናትሽን መልእክት እንደነበረ አድርጌ አደርስልሻለሁ። መጀመሪያ ጉንጭ፣ ቀጥሎ ክንድ፣ ከዚያ ወደ ደረት። የእሷ ቃል ነው፣ የእኔ አይደለም። እኔ የማደርሰው ብቻ ነው። መጓዝ ምናምን ብለሽ እንዳትጨነቂ፤ ሥራ እንዳለሽ አውቃለሁ። የአውቶቡሱን ሰዓት የጠየቅኩት ለዚያኛው ነገር ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ረቡዕና ቅዳሜ ይነሳል።

ካልከፈትሽ አልከፈትሽም። አልቀየምም። እስኪዘጉ ድረስ ግን እዚህ ነኝ፤ እስክጠራ መቀመጥ ለምጃለሁ። ስሜን መጥራት አያስፈልግሽም። እጅሽን አንሺ፣ አያለሁ።

አሁን ጸሐፊው እንደገና ቆመብኝ። «አባባ፣ እጅጌዎ ይንኮሻኮሻል። ምን እያደረጉ ነው?» አለኝ። ዝም ብለህ ጻፍ አልኩት። ምን ብዬ ልጻፍ አለኝ። እየተለማመደ ነው ብለህ ጻፍ አልኩት።

በሄድሽበት ሁሉ ደጅሽ ላይ መብራቱን የሚጫንልሽ ሰው አይጥፋ። እጅሽ አይድከም። ስታወሪ እጅሽን የሚይዝብሽ ሰው፣ አባትሽም ቢሆን፣ ሁለተኛ አይግጠምሽ።

አባትሽ
(ፊርማው የአውራ ጣቴ ነው። ቀለሙ ከተጨማለቀ እጄ ተንቀጥቅጦ አይደለም፤ ጸሐፊው ስለማያይ ነው።)